ሞምባሳ በነሐሴ፦ ቀኑን ከባሕሩ ጋር ማስማማት

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በነሐሴ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ሞምባሳ ልንሄድ ነው። ሆቴላችን ባምቡሪ ዳርቻ ላይ ነው። ሴቷ ልጄ 13፣ ወንዱ 9 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ዋና አይችሉም። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታንም ትጾማለች። የጉዞ ወኪሉ የሰጠን ዝርዝር በየቀኑ ሦስት ሦስት ቦታ ያስጎበኛል። ከዚህ ውስጥ ምኑን እንያዝ፣ ምኑን እንተው? ጉዞውስ ለእናቴ ይከብዳት ይሆን?»

ምላሽ፦

ዝርዝሩን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። በቀን ሦስት ቦታ መጎብኘት በደጋ ከተማ ይቻል ይሆናል። ሞምባሳ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ተጣብቃ ያለች ደሴት ናት። እዚያ የሚያደክመው የሙቀቱ መጠን ሳይሆን ወበቁ ነው። ላብ አይደርቅም፣ ልብስ አይደርቅም፣ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው እግሩ ያብጣል። በእኔ ሥራ ከሚገጥሙኝ የሞምባሳ ቤተሰቦች ተከፍተው የሚመለሱት ብዙ ቦታ ለማየት የተጣደፉት ናቸው። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ አዛውንቶቹ ከክፍላቸው መውጣት ይጠላሉ።

ስለዚህ ቀኑን በቦታ ከመከፋፈል በባሕሩና በፀሐይ ይከፋፍሉት። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ተኩል አንድ ነገር ይሥሩ። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይሁኑ፤ ይብሉ፣ ይተኙ፣ ልጆቹ በሆቴሉ ገንዳ ይንቦጫረቁ። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይውጡ። ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ጨለማው ቶሎ ነው የሚወርደው። በዚህ አያያዝ ከሄዱ ጉዞው ለእናትዎ አይከብድም። እንዲያውም ከቤተሰቡ ሁሉ ሞምባሳን ይበልጥ የሚወዷት እርሳቸው ቢሆኑ አይገርመኝም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ወሩን በደንብ መርጠዋል። ከባዱ ዝናብ የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለሞምባሳ የዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ናቸው፤ ቀን 28 ዲግሪ ያህል፣ ሌሊት ከዚያ ዝቅ ይላል። ኩሲ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወበቁን ያቀልላል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት አቅጣጫው ተለውጦ ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይተካል። ይህች ከተማ የተሠራችው በእነዚህ ሁለት ነፋሶች ነው፤ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ ሸራቸውን ወጥረው ይመጡ፣ በኩሲ ይመለሱ ነበር። ኩሲ ለእናንተ አንድ ጉዳት አለው፦ ከዳርቻው ራቅ ሲሉ ባሕሩ ይናወጣል፣ ውኃውም እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ የጠራ አይሆንም። ዋናተኞች ብትሆኑ ኖሮ ሌላ ወር እመክር ነበር። ዋና ለማይችሉ ልጆችና ለአንዲት እናት ግን ነሐሴ ይሻላል። የኬንያ ትምህርት ቤቶችም በዚያ ሰሞን ለዕረፍት ስለሚዘጉ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት አስቀድመው ይያዙ።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ።

እኛ የሐይቅ ሰዎች ነን። ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ትላንት የተቀመጡበት ዳርቻ ዛሬም እዚያው ነው። ውቅያኖስ ግን እንዲህ አይደለም። ሞምባሳ ላይ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ባምቡሪ ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውኃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል፤ ጠዋት በመስኮት ያዩት ባሕር ረፋድ ላይ የለም። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ዋና ሊዋኝ ወርዶ አሸዋና የባሕር ሣር ብቻ ያገኝና ተታለልኩ ይላል።

ያወቀ ግን ሁለት የተለያዩ ደስታዎችን ያገኛል። በሽሽት ጊዜ ወለሉ ይገለጣል፤ በኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት፣ ድንጋዮች መካከል የቀሩት ትናንሽ ኩሬዎች በሕያዋን ፍጥረታት የተሞሉ ናቸው። ሸርጣን፣ ባለ አምስት ክንድ የኮከብ ዓሣ፣ ጣት የማያህሉ ባለ ቀለም ዓሦች ይታያሉ። ለ9 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ ዋና መቻልም አያስፈልገውም። እናትዎም ቢሆኑ በዚህ ሰዓት ይውጡ፤ ውኃ የለቀቀው እርጥብ አሸዋ ጠጣር ስለሆነ እግር አያሰምጥም፣ ለታመመ ጉልበት ከደረቁ አሸዋ በጣም ይሻላል። በሙላት ጊዜ ደግሞ ውኃው ለመንቦጫረቅ ይመቻል።

ሰዓቱ በዘፈቀደ አይደለም። በሞምባሳ ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን ትልቁ ሽሽት ጠዋት 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ፣ ሙላቱ ከሰዓት በኋላ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ይውላል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ ነገሩ ይገለበጥና ሙላቱ ወደ ረፋድ ይመጣል፣ ልዩነቱም ያንሳል። የዕለቱን ሰዓት ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ይጠይቁ፤ ሠንጠረዡ አላቸው። የሳምንቱን ዕቅድ ያንን ሠንጠረዥ ፊት ለፊት አስቀምጠው ያውጡ።

ልጆቹ ዋና ስለማይችሉ ሦስት ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ግንብ የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚሰብር የውስጠኛው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ግንቡ ግን ክፍተቶች አሉት። ኮራል በጭቃማና ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ አያድግም፤ ስለዚህ ወንዝና የባሕር ክንድ በሚገናኙበት፣ ለምሳሌ በምትዋፓና በቱዶር አፍ ላይ፣ ግንቡ ይቋረጣል፤ ውኃው በሽሽት ጊዜ በዚያ በኩል በኃይል ይወጣል። ወደነዚያ ቦታዎች ልጆቹን ይዘው ለመታጠብ አይጠጉ። ሁለተኛ፣ በሽሽት ወደ ውስጥ ርቀው የሄዱ ሰዎች ሙላቱ ከኋላቸው ዞሮ ሊከባቸው ይችላል፤ ውኃው መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ሦስተኛ፣ በድንጋዮቹ መካከል ጃርት የመሰለ ጥቁር እሾሃም እንስሳ አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ለሁሉም የውኃ ጫማ ይያዙ፤ ተራው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ በቂ ነው። ኮንጎ ጫማ ከመርካቶ ገዝተው ቢሄዱ በሆቴል ሱቅ ከሚከፍሉት ይተርፋሉ።

ፀሐይዋ የምትወጣው ከባሕሩ ላይ ነው፤ ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ይመለከታልና። አንድ ቀን ልጆቹን 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሰው ያሳዩአቸው። በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጆችም ይመለሳሉ።

ዳርቻው ላይ ጀልባ፣ ግመል፣ ጌጣጌጥና ጉብኝት የሚሸጡ ወጣቶች ይከቡዎታል። ብዙዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ኑሯቸውም ይኸው ነው። ፈገግ ብለው «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ካሉ በቂ ነው። ከገዙ ዋጋውን በፊት ይስማሙ። ከሚያቀርቡት ሁሉ ወለሉ መስታወት የሆነውን ጀልባ እመክራለሁ፤ በ1986 በተከለለው የሞምባሳ የባሕር ፓርክ ውስጥ እየሄደ ኮራሉንና ዓሦቹን ያሳያል፣ መዋኘት አይጠይቅም። በሕይወት ማዳኛ ጃኬት ረገድ አይለሳለሱ፤ ለልጆቹ ልክ የሚሆን ከሌለ ያንን ጀልባ ይተዉት። የፓርኩ መግቢያ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መግባቱንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት በፓርኮቹ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

ከጀልባ ሰው ጋር ቀጠሮ ሲይዙ የሚጠቅምዎት ነገር አለ፦ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካለዎት ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ከተነጋገራችሁ ግን ያንኑ ሰዓት ስምንት ይለዋል፤ ባቡሩ፣ አየር መንገዱና ሆቴሉም እንደዚያው ናቸው። በየትኛው አቆጣጠር እንደተቀጣጠራችሁ አጥርተው ይለዩ።

ከባሕሩ ቀጥሎ ሙሉ አንድ ቀን የሚገባው ፎርት ጂሰስና አሮጌው ከተማ ነው። ወኪሉ ሁለት ሰዓት ብቻ መድቦላቸዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። (በዚህ ምላሽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምሽጉን ፖርቱጋሎች መገንባት የጀመሩት በ1593 ሲሆን የነደፈው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ የተንጋለለ ሰው ይመስላል። ከ1696 እስከ 1698 የኦማን ዓረቦች ለ33 ወራት ከበው ያዙት፤ ከውስጥ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ያለቁት በበሽታ ነው። እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አደረጉት። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በከበባው ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ከሰጠመው ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና ከተባለው መርከብ የወጡ ዕቃዎች ውስጥ ይታያሉ።

ለልጆችዎ ግን ታሪኩን በእኛ በኩል ይጀምሩላቸው፤ ያኔ ግንቡ ይናገራል። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ሲደርስ አቀባበሉ ስላላማረው ወደ ማሊንዲ አለፈ። ልጁ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ወደ 400 የሚሆኑ ወታደሮች ይዞ ምጽዋ የወረደውና በአሕመድ ግራኝ ዘመን ጦርነት በ1542 እኛ አገር የተገደለው ነው። ሴቷ ልጅዎ በትምህርት ቤት ስሙን ሳትሰማው አትቀርም። ኢየሱሳዊው (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነው) ካህን ጄሮኒሞ ሎቦም ወደ ኢትዮጵያ በየብስ ለመግባት በ1624 ከዚህ ጠረፍ ሰሜን፣ ከፓቴ ደሴት ተነሥቶ ሞክሮ አልተሳካለትም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሚከተለው ነው። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን፣ ፖርቱጋሎች ክርስትና አንሥተው ዶም ጄሮኒሞ ብለው ያሳደጉት ሰው፣ ተነሥቶባቸው ይህንኑ ምሽግ ያዘ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1632፣ ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ ፋሲልም ከዚያ በኋላ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። አንዱ ሙስሊም ሱልጣን በጠረፉ፣ ሌላው ኦርቶዶክስ ንጉሥ በደጋው፤ በአንድ ዓመት ልዩነት ከአንድ ኃይል ጋር ተፋለሙ። የጎንደርን ግንብ ያየ ልጅ እዚህ ግንብ ላይ ቆሞ ይህን ቢሰማ አይረሳውም።

ምሽጉ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ያኔውኑ ይግቡ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ይጋጋላል። መሬቱ ወጣ ገባ፣ ደረጃውም ብዙ ስለሆነ እናትዎ ላይኛው ግንብ ላይ መውጣት የለባቸውም፤ በአደባባዩ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጫ አለ። የመግቢያ ዋጋ በዜግነት ስለሚለያይ ፓስፖርት ይያዙ። በሩ ላይ ብዙ ሰዎች አስጎብኚ ነን ይሏችኋል፤ መታወቂያ ያለውን መርጠው ዋጋው ለቤተሰቡ በሙሉ እንጂ በነፍስ ወከፍ አለመሆኑን ያረጋግጡ።

አሮጌውን ከተማ ግን በቀትር አይሂዱበት። ሆቴል ተመልሳችሁ አርፋችሁ፣ በሌላ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ ያኔ ጥላ ናቸው፤ ሰውም ከቤቱ ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ንዲያ ኩ በተባለው መንገድ ቀስ ብለው ሲሄዱ የተፈለፈሉትን የእንጨት በሮችና ከፎቅ የተንጠለጠሉትን ሰገነቶች ይመልከቱ። የማንድሪ መስጊድ የ1570 ነው ይባላል፤ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። ሰፈሩ የሚኖርበት የሙስሊም ሰፈር ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት ያስፈቅዱ፤ አርብ በጁምዓ ሰዓት አይግቡ። ልጆቹ ታላላቆችን «ሺካሞ» እያሉ ሰላም እንዲሉ ያስተምሯቸው። አዛውንቶቹ «ማራሃባ» ብለው ሲመልሱ የፊታቸውን ብርሃን ያያሉ፤ እናትዎንም ያገሩ ልጆች በዚሁ ሰላምታ ይቀበሏቸዋል።

እናትዎ ከተማዋን ይወዷታል ያልኩት በዚህ ሰዓት ምክንያት ነው። አመሻሹ ላይ ቡና ሻጮች ከሥሩ ፍም ያለበት የነሐስ ጀበና ይዘው ይቀመጣሉ። ቡናው መራራ ነው፣ ዝንጅብል ወይም ሄል ይገባበታል፣ እጀታ በሌላት ትንሽ ሲኒ ይቀዳል። ከጎኑ ካሻታ የሚባል የኮኮናት ወይም የኦቾሎኒ ጣፋጭ አለ። አዛውንቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው እየጠጡ ወግ ይይዛሉ። ቋንቋ ባይግባቡም የቡናው ሥርዓት ያግባባል።

ጾሙም አያስጨንቅዎት። በሞምባሳ ምግብ የሚሠራው በቅቤና በወተት ፋንታ በኮኮናት ነውና ፍልሰታን ለሚጾም ሰው ከብዙ ከተማ ይልቅ ትመቻለች። ጠዋት ምባዚ ይጠይቁ፤ የርግብ አተር በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ነው፣ ማሃምሪ ከተባለ ከቦንቦሊኖ ወገን ከሆነ ጥብስ ጋር ይበላል። ማሃምሪውን አንዳንዱ በከብት ወተት ስለሚያቦካው ሁልጊዜ ይጠይቁ፤ «ማዚዋ» ወተት ነው፣ «ናዚ» ኮኮናት። ለምሳና ለራት ባቄላ በኮኮናት፣ ነጭ ሩዝ፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን የሚመስል ቅጠል፣ ቪያዚ ካራይ የሚሉት በሊጥ ተጠቅልሎ የተጠበሰ ድንች አለ። ፒላው የሚሉት ቅመም የገባበት ሩዝ ግን በሥጋ መረቅ ስለሚበስል ሩዙ ብቻውን ቢቀርብም አይሆንላቸውም። የሆቴሉን ወጥ ቤት ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን አግኝተው «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም» ብለው በግልጽ ይንገሩት። የጾሙ ሰዓት እስኪደርስ እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ ግን ጠዋቱ በጥላ ማለፍ አለበት፤ በዚያ ወበቅ ውኃ ሳይጠጡ ፀሐይ ላይ መቆየት ለአዛውንት አደገኛ ነው። እርስዎና ልጆቹ የማትጾሙ ከሆነ ሳማኪ ዋ ኩፓካን፣ ማለትም በኮኮናት ድልህ ተቀብቶ የተጠበሰውን ዓሣ፣ ሳትቀምሱ አትመለሱ። ሙስሊም ወዳጆቻችሁም ይህን ካነበቡ፣ በአሮጌው ከተማ የሚገኘው ሥጋ ሐላል ነው።

ሆቴላችሁ አጠገብ ያለውን ሃለር ፓርክን አይዝለሉት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ኮራል ድንጋይ እየቆፈረ የጨረሰው፣ ሣር እንኳ የማይበቅልበት ጉድጓድ ነበር። ረኔ ሃለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የግብርና ባለሙያ በ1971 ዛፍ መትከል ጀመረ። ከሞከራቸው ዛፎች ጸንቶ ያደገው በተለይ እኛ ሸውሸዌ የምንለው ነው፤ ሥሩ ናይትሮጅን ስለሚያከማች ባዶ ድንጋይ ላይ ይችላል። የረገፈው ቅጠሉ ግን አልበሰብስም አለ። ሃለር ቅጠሉን የሚበላ ብዙ እግር ያለው ትል አምጥቶ ለቀቀበት፤ ትሉ ፈጭቶ አፈር አደረገው፣ አፈሩ ሌላ ዛፍ አበቀለ። በተራቆተ ተራራችን ላይ ችግኝ ለምንተክል ለእኛ ይህ ከእንስሳቱ ይልቅ የሚታይ ነገር ነው። ልጆቹ ግን ቀጭኔ በእጃቸው ያበላሉ፣ የኦወንንም ታሪክ ይሰማሉ፦ በታኅሣሥ 2004 ሱናሚ ሰሞን ማሊንዲ አጠገብ ብቻውን የቀረ የጉማሬ ግልገል ወደዚህ መጥቶ ምዜ የተባለ ትልቅ አሮጌ ኤሊን እንደ እናቱ ተጠግቶ ኖረ። መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ ለእናትዎም ይሆናል።

ከዚያው በስተሰሜን፣ ምትዋፓን ተሻግሮ፣ ጁምባ ላ ምትዋና አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ነው፤ መስጊዱ ባሕሩ አፍ ላይ ቆሟል፣ ዙሪያውን ግዙፍ የባኦባብ ዛፎች ከበውታል። ወኪሉ በዝርዝሩ አላስገባውም። እኔ ግን ከሩቁ ከገዲ ይልቅ ለእናንተ ይህን እመርጣለሁ። ገዲ በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበ ታላቅ የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ነው፤ ነገር ግን ወደ ማሊንዲ አቅጣጫ ረጅም መንገድ መሄድ ይጠይቃል።

እሑድ አመሻሽ ማማ ንጊና ይሂዱ። በደሴቷ ደቡብ ጫፍ ያለ የእግረኛ ዳርቻ ነው። የሞምባሳ ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣበት ስለሆነ ቱሪስት ብቻ የሚያዩበት ቦታ አይደለም። ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡት ግዙፍ መርከቦች በጠባቡ መተላለፊያ በጣም ቀርበው ያልፋሉ። በሎሚና በሚጥሚጣ የተነከረ ካሳቫ ጥብስ፣ የሁመር ጭማቂና ማዳፉ የሚሉትን እሸት ኮኮናት ይግዙ። ሦስቱም የጾም ናቸው።

የሚተዉትን ልንገርዎት። ፃቮን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስን ይተዉ። ፓርኩ ድንቅ ነው፤ ምሥራቅ ፃቮ ብቻ ከ13 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ዝሆኖቹ በአፈሩ ቀልተው ይታያሉ። ግን ጠዋት 11 ሰዓት ተነሥቶ ማታ መመለስ ለታመመ ጉልበት ስቃይ ነው። ወይ እዚያው አድረው ይመለሱ፣ ወይ ባለቤትዎ ልጆቹን ይዘው ይሂዱና እናትና ልጅ ባሕሩ ዳር ይዋሉ። ሌላ መንገድም አለ፦ ሲመለሱ በናይሮቢ በኩል ከሆነ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው ባቡር በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ናይሮቢ ያደርሳል፣ ፃቮንም መሐል ለመሐል ያልፋል። ቀን በሚሄደው ከተሳፈሩ ዝሆን በመስኮት ሊያዩ ይችላሉ። ዲያኒም የሚያምር ዳርቻ ነው፤ ሆኖም ባምቡሪ ላይ ላደረ ሰው ሌላ ዳርቻ ለማየት ቀን ማጥፋት አይገባም። ወደ ኪሲቴ የሚወስደው የዶልፊን ጀልባ በነሐሴ ነፋስ ስለሚናወጥ ለዚህ ጉዞ አልመክረውም።

ለእናትዎ በከተማው ውስጥ ባጃጅ ከታክሲ ይሻላል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ መውጣቱ አይከብድም። ዋጋ ከመሳፈር በፊት።

ሰነድና ጤና ላይ አጭር ልሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። እናትዎ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑና ክትባቱን ወስደው የማያውቁ ከሆነ ግን ዝም ብለው አይከተቡ፤ በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያው ክትባት ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ሐኪም ያማክሩ። የሞምባሳ ጠረፍ ወባ አለበት። አዲስ አበባ ያደጉ ልጆች ምንም መከላከያ በሰውነታቸው የላቸውምና ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ሐኪም ይጠይቁ፤ የልጆቹ መጠን በክብደታቸው ነው። ማታ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ «ሞምባሳ ነበርኩ» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። የመግቢያ ፈቃድ ደንቡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ ስለተለወጠ ከጉዞው በፊት ከኬንያ ኤምባሲ ያረጋግጡ።

ሻንጣ ሲያዘጋጁ ዕቃ በፌስታል አይጠቅልሉ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። በጨርቅ ከረጢት ይያዙ። ልጆቹ ውኃ ውስጥ ሲሆኑ የሚለብሱት አሮጌ ካናቴራ አይርሱ፤ ጎንበስ ብሎ ዓሣ የሚያይ ልጅ ጀርባው ሳይታወቀው ይቃጠላል። በኮኮናት ዛፍ ሥር አይቀመጡ፣ ፍሬው ሳይታሰብ ይወድቃል። ሲመለሱ ደግሞ ዳርቻው ላይ ዛጎል፣ ኮራል ወይም የኤሊ ልባስ የሚሸጥ ሰው ቢያገኙ አይግዙ። የኤሊውን ንግድ ሕግ ይከለክላል፤ ዛጎሉና ኮራሉም ከዚያው ልጆቹ ካዩት ኩሬ የተነቀሉ ናቸው። ስጦታ ከፈለጉ አሮጌው ከተማ ገበያ ውስጥ ቅርንፉድ፣ ሄልና ቀረፋ አለ፤ ወይም በጠረፉ ሴቶች የሚለበሰውን ካንጋ የተባለ ባለ ጽሑፍ ጨርቅ ለእናትዎ ይግዙላቸው።